ሄነሲን እናስታውስ ተብሎ የተከፈተው ክር

ክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረካችን ላይ ይሄን የውይይት ሰንሰለት፣ የከፈተው ሰው ድሮ አዲስ አበባ ወንጀል መርማሪ ነበር። አሁን ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ይነዳል። አንድ ማታ ተሳፋሪ እየጠበቀ ጁዲሺያሪ አደባባይ አጠገብ ይቆማል። በሥራ ላይ የሞቱ የአሜሪካ ፖሊሶች መታሰቢያ ያለው እዚያ ነው። የተጠማዘዙ ረጃጅም ግድግዳዎች፣ ላያቸው ላይ ከ20 ሺህ በላይ ስም፣ መግቢያው ላይ ደግሞ ደቦሎቻቸውን የሚጠብቁ የነሐስ አንበሶች። አንበሳ ያየ ሐበሻ አርፎ መኪናው ውስጥ አይቀመጥም። ወርዶ ሄደ።

ከዚያ ማታ ጀምሮ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተገደሉ ፖሊሶችን ታሪክ ማንበብ ያዘ። ብዙ ስም አለፈ። አንዱ ላይ ግን ቆመ። የኒው ኦርሊንሱ ዴቪድ ሄነሲ ነው።

የመጀመሪያው ጽሑፍ ረጅም ነው፤ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሄነሲ በ1858 ተወለደ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፤ በኋላ ይሄም ራሱ ጭቅጭቅ አስነስቷል። አባቱ ፖሊስ ነበር፤ በ1869 ተገደለ። ልጁ በማግሥቱ ዓመት ፖሊስ ጋ ተላላኪ ሆኖ ገባ። ገና ጎረምሳ ሳለ ሁለት አዋቂ ሌቦችን እጅ ከፍንጅ ይዞ፣ በባዶ እጁ ደብድቦ፣ እየጎተተ ጣቢያ አደረሳቸው። በ20 ዓመቱ መርማሪ ሆነ። በ1881 ከአጎቱ ልጅ ከማይክ ጋር ጁሴፔ ኤስፖዚቶ የሚባለውን፣ ጣሊያን አጥብቃ የምትፈልገውን ሽፍታ ያዘ። በ1888 የከተማው ፖሊስ አዛዥ ሆነ። ኦክቶበር 15 ቀን 1890 ሌሊት ቤቱ ደጃፍ ሊደርስ ሲል ተተኮሰበት። 32 ዓመቱ ነበር።

ባለታክሲው የጠየቀው ቀላል ነገር ነው። እንዲህ ያለ መርማሪ ለምን ተረሳ? ሰዉ የሚያወራው ከሞቱ በኋላ ስለሆነው እንጂ ስለ እሱ አይደለም። የሙያ ባልደረባ ነው፤ ለምን አናስታውሰውም?

1ኛውና 2ኛው መልስ ነፍስ ይማር ብለው፣ ጸሐፊውን አመስግነው አለፉ። እንደ ለቅሶ ቤት ነው፤ መጀመሪያ የሚገባው ሰው ሁሌም ጨዋ ነው።

3ኛው መልስ ሰውዬው በሥራ ላይ ሞተ መባሉን ተቃወመ። ወደ ቤቱ እየሄደ ነበር፣ ሥራ አልቋል፣ ታዲያ ምኑ ነው የሥራ ላይ ሞት የሚያሰኘው? 4ኛው በትሕትና አረመው። ሄነሲ ያን ማታ ከፖሊስ ቦርድ ስብሰባ እየወጣ ነበር። ደግሞም የተገደለው በሥራው ምክንያት ነው፤ መርማሪ ደግሞ የሥራ መውጫ ሰዓት የለውም። ባለታክሲው እዚህ ላይ ሦስት የጭብጨባ ምልክት ለጠፈ።

5ኛዋ የሌሊቱን ነገር ዘርዝራ አመጣች። የክሩ ምርጥ ጽሑፍ ለእኔ ይሄ ነው። ዝናብ ነበር፤ መንገዱ ጭቃ። ሄነሲ ከጓደኛው ከካፒቴን ቢሊ ኦኮነር ጋር አንድ ቤት ጎራ ብለው ኦይስተር የሚባለውን የባሕር ዛጎል ሥጋ በሉ። ሄነሲ አልኮል አይቀምስም ነበርና በላዩ ላይ ያወራረደው አንድ ብርጭቆ ወተት ነው። ከእናቱ ጋር ወደሚኖርበት ጂሮድ ጎዳና ሲቃረቡ ተሰነባበቱ። ብዙም ሳይቆይ፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ተኩስ ተሰማ። ሄነሲ ቆስሎም ሽጉጡን መዝዞ መልሶ ተኮሰ። ኦኮነር ሮጦ ሲመለስ ጓደኛው ደረጃ ላይ ተቀምጧል። ማን ነው ይሄን ያደረገብህ ብሎ ጠየቀው። ሄነሲ ጠጋ በል አለውና ለጣሊያኖች የወጣላቸውን የስድብ ስም ሹክ አለው። ይሄን የሰማ ሰው ደግሞ ኦኮነር ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ስለ ሹክሹክታው ይወራል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሆነም። 6ኛው መልስ ቀኑን ቆጥሮ ረቡዕ መሆኑን ደረሰበት፤ ሰውዬው በረቡዕ ወተት መጠጣቱን በቀልድ አነሳ። 7ኛው ኦይስተር የጾም ነው የፍስክ ብሎ ጠየቀ። 8ኛው ሄነሲ አይሪሽ መሆኑን፣ የአይሪሽ ጾም ደግሞ ሌላ መሆኑን አስረድቶ ጉዳዩን ለመዝጋት ሞከረ። አልተዘጋም። እስከ መጨረሻው ድረስ አንድ ሰው እየመጣ ስለ ኦይስተሩ ይጠይቅ ነበር።

9ኛው ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር አምጥቶ ጥቅምት 5 ቀን 1883 አደረገው። 10ኛው ተናደደ። ከ1900 በፊት የአንድ ቀን ልዩነት እንዳለ ለማያውቅ ሰው ቀን መቀየር ምን ያደርግለታል? ለማስረጃ አድዋን አመጣ፤ የካቲት 23 ያኔ ማርች 1 ላይ ዋለ፣ ዛሬ ግን ማርች 2 ላይ ነው የሚውለው። ስለዚህ ሄነሲ የተመታው ጥቅምት 6 ነው። 9ኛው ይቅርታ ጠየቀ። ለካ የዚህ ክር የመጨረሻው ይቅርታ እሱ ነበር።

11ኛው መልስ ሲመጣ አየሩ ተቀየረ። ጸሐፊው ሄነሲ መልአክ ተደርጎ መሳሉ አልጣመውም። በኦክቶበር 1881 ሄነሲና የአጎቱ ልጅ ከመርማሪዎቹ አለቃ ከቶማስ ዴቨሮ ጋር ተታኩሰው ሰውዬው ሞቷል። ፍርድ ቤት ራስን መከላከል ነው ብሎ በነጻ ለቀቃቸው፤ ከፖሊስነቱ ግን ወጥተው ነበር። ባለታክሲው ይሄን ለምን ዘለለው? ባለታክሲው በ12ኛው መለሰ። ፍርድ ቤት ነጻ ያወጣውን ሰው እንደገና መክሰስ ነውር መሆኑን ጻፈ። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ። ትንሽ ቆይታ ዞራ እሱኑ ትነክሰዋለች።

13ኛዋ ነርስ ናት፤ ሂዩስተን ትሠራለች። የእሷ ጥያቄ እስካሁን ጭንቅላቴ ውስጥ አለ። ሰውዬው በዚያው ደረጃ ላይ አልሞተም። ቻሪቲ ሆስፒታል ተወስዶ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ቆይቷል። አእምሮውን አልሳተም፤ ሰው ያናግር ነበር። ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ስም እንኳ ለምን አልተገኘም? እሷ ተረኛ ስትሆን በጥይት የተመታ ሰው ከመጣ ፖሊሱ አልጋው ሥር ነው የሚያድረው። ምናልባት እተርፋለሁ ብሎ አስቦ ይሆናል፤ ለእናቱም አይዞሽ ያላት ይመስላል። ቢሆንም መርማሪ ነው። መርማሪ የገዛ ገዳዩን መልክ ሳይናገር እንዴት ያድራል? ማንም አልመለሰላትም።

የከንቲባውን ትእዛዝ ያነሳው 14ኛው ነው። ከንቲባው ጆሴፍ ሼክስፒር ይባላል። በሹክሹክታዋ ብቻ ሰፈሩ እንዲታሰስ፣ ያገኙት ጣሊያናዊ ሁሉ እንዲያዝ አዘዘ። በ24 ሰዓት ውስጥ 45 ሰው ታሰረ። ጠቅላላውን 250 የሚያደርሱትም አሉ። ያን ጊዜ ኒው ኦርሊንስ የነበሩት አብዛኞቹ ጣሊያኖች ከሲሲሊ የመጡ ናቸው፤ ወደብ ላይ ጭነት የሚያወርዱ፣ ፍራፍሬ የሚሸጡ። በወደቡ ሥራ የተጣሉ ማትራንጋና ፕሮቨንዛኖ የሚባሉ ሁለት ቤቶች ነበሩ። ሄነሲ በእነሱ ክስ ላይ ሊመሰክር ነው ይባል ስለነበር ጥርጣሬው ከባዶ አልተነሳም። ግን ከሁለት ቤት ጠብ ወደ ሕዝብ ሁሉ መዝለል ምን አመጣው?

15ኛውን የጻፉት አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ በዚህ መድረክ ጋሼ ነው የምንላቸው። ይሄማ አውጫጭኝ ነው ብለው አሳቁን። አባታቸው በልጅነታቸው ያዩትን ነገሩን። ከብት ሲሰረቅ ወይ ሰው ሲገደል ያገሩ ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ወንጀለኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ቀን ይመሻል፣ ማሳው ይጠብቃል፣ ከብቱ ይጮኻል። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ይጠቆማል። የተጠቆመው ሁሌ ያደረገው ነው ወይ ብላችሁ ብትጠይቋቸው መልሳቸው ሳቅ ነው። ሜዳው ላይ ዘመድ ያነሰው ሰው ማን እንደሆነ ግን ሁሉም ያውቅ ነበር።

16ኛው ሌባ ሻይን ጨመረ። መድኃኒት ያጠጡትን ልጅ በወገቡ ገመድ አስረው ይለቁታል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የማን ቤት ከወደቀ ሌባው እሱ ነው። 17ኛው ለዚህ መልስ ሲሰጥ ኒው ኦርሊንስም የራሷ ልጅ እንደነበራት አስታወሰ። ጋስፓሬ ማርኬሲ ይባላል፤ 14 ዓመቱ ነው። ሄነሲ ሲመጣ አፏጭቶ ምልክት ሰጠ ተብሎ ከአባቱ ጋር ተከሰሰ። ተኩሱ ተነሳ በተባለበት ቤት የሚኖረው ጫማ ሰፊ፣ ፒዬትሮ ሞናስቴሪዮም ተከሰሰ። አንድ ፉጨት፣ አንድ የጫማ ሰፊ ደሳሳ ቤት፣ አንድ ሹክሹክታ። ማስረጃ ከተባለው ውስጥ ሰው አፍ ላይ የቀረው ይሄ ነው።

18ኛው ሒሳብ የሚወድ ሰው ነው። የተከሰሱት 19 ናቸው። መጀመሪያ የቀረቡት 9 ናቸው። ማርች 13 ቀን 1891 ስድስቱ በነጻ ተለቀቁ፤ በሦስቱ ላይ ከሕዝብ የተመረጡት ዳኞች (ጁሪው) አልተስማሙም። ከተማው ዳኞቹ ጉቦ በልተዋል አለ። በነጻ የተለቀቁትም ሳይቀሩ ሌላ ክስ አለባቸው ተብለው ወደ እስር ቤት ተመለሱ። በማግሥቱ ጠዋት ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ወጣ። ሕዝቡ በ4 ሰዓት ከሄንሪ ክሌይ ሐውልት ሥር እንዲሰበሰብ ነው የሚለው። ደቦ በጋዜጣ ተጠራ ማለት ነው። ፓርከርሰን የሚባል ጠበቃ ንግግር አደረገ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደ እስር ቤቱ ተመመ፤ የኋላውን በር በግንድ ሰብሮ ገባ። 11 ሰው ተገደለ። ዘጠኙ እዚያው ግቢ ውስጥ በጥይት፤ ሁለቱ ውጭ ተሰቅለው። 18ኛው ከዚህ በኋላ ቁጥሩን እንደ ሱቅ ደረሰኝ ደርድሮታል። ከ11ዱ ሦስቱ ነጻ የተባሉ፣ ሦስቱ ዳኞቹ ያልተስማሙባቸው፣ አምስቱ ጭራሽ ፍርድ ቤት ያልቀረቡ። ጥፋተኛ የተባለ ዜሮ።

ጫማ ሰፊው ከ11ዱ አንዱ ነው። የልጁ አባትም እንደዚሁ። ልጁ እስር ቤቱ ውስጥ ተደብቆ ተረፈ።

19ኛው የባለታክሲውን የ12ኛ መልስ ቀድቶ መልሶ ለጠፈለት። ፍርድ ቤት ነጻ ያወጣውን ሰው እንደገና መክሰስ ነውር ከሆነ መግደሉስ ምን ይባላል? ባለታክሲው ለሦስት ቀን ጠፋ።

20ኛው መልስ እንዲህ ዓይነት ክር ላይ የማይቀር ነው። የሞቱት ጣሊያኖች ናቸው፤ ከአድዋና ከግራዚያኒ በኋላ ለጣሊያን የሚለቀስ እንባ የለውም። 21ኛዋ ቆጣ ብላ መለሰችለት። የአድዋ ጦርነት ከዚህ አምስት ዓመት በኋላ ነው፤ ግራዚያኒ ያኔ የ8 ዓመት ልጅ ነው። ሙዝ የሚሸጥ ሲሲሊያዊ መቼ አድዋ ዘመተ? 22ኛው እሷን ባንዳ አላት። 23ኛው 22ኛውን ሌላ ነገር አለው፤ ያንን እዚህ አልጽፈውም።

ያዳነን መምህሩ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር፣ 24ኛው መልስ። እሳቱ ላይ ውሃ አላፈሰሱም፤ ይልቅ ሌላ ወሬ አመጡ። 11ዱ ሲገደሉ የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር ማን ነበር? ከአንድ ወር በፊት ክሪስፒን የተካው የፓሌርሞው ሰው ሩዲኒ። የምኒልክና የክሪስፒ የውጫሌ 17ኛ አንቀጽ ጠብ በጋለበት ወቅት ማለት ነው። ሩዲኒ አምባሳደሩን ባሮን ፋቫን ከዋሽንግተን አስጠራ፤ አሜሪካ ውስጥ ጦርነት ሊመጣ ነው ተብሎ ተወራ። በ1896 ክሪስፒ በአድዋ ምክንያት ሲወድቅስ የተካው ማን ነው? ያው ሩዲኒ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር የአዲስ አበባው ውል ተፈርሞ የውጫሌ ነገር ሲያከትም ሮም ላይ ወንበሩ የእሱ ነበር። መምህሩ ደስ ብሏቸው ነው የጻፉት፤ ያስታውቃል። 25ኛው ያው ዘመን እኛ ጋ ክፉ ቀን መሆኑን ጨመረ። ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ ሰዉ በረሃብ እየረገፈ ነበር። በሽታውም በምጽዋ በኩል ጣሊያኖች ካስገቡት ከብት ነው የመጣው። ሁሉም ዝም አለ። 20ኛውም ዝም አለ።

ዝምታው አልቆየም። 26ኛው በነሐሴ 2010 ሻሸመኔ ላይ የሆነውን አነሳ። ቦምብ ይዟል ተብሎ ሰው በአደባባይ ተዘቅዝቆ የተሰቀለበትን ቀን። ቦምብ አልነበረም። የደቦ ፍርድ ኒው ኦርሊንስ ብቻ አልተፈረደም ለማለት ነው። ከ27ኛው እስከ 29ኛው ያሉት መልሶች አሁን የሉም፤ አድሚኑ አጥፍቷቸዋል። ስለ ማን ብሔር እንደሚያወሩ መገመት አያቅታችሁም። የሚገርመው፣ የሚሰዳደቡት ሦስቱም ከላይ የከንቲባውን ትእዛዝ ያወገዘውን መልስ ላይክ አድርገው ነበር።

30ኛው መልስ የእኔ ነው። ትንሽ ረዝሟል፤ ሁለት ሰው ነግሮኛል። የጻፍኩት ለባለታክሲው ነው። ሄነሲ ተረሳ ባለው አልተስማማሁም። ሜታሪ መቃብር ሐውልት ቆሞለታል። ማፊያ የሚለው ቃል አሜሪካኖች አፍ ላይ የገባው በእሱ ሞት ሰበብ ነው ይባላል። የተረሳው ሌላ ነገር ነው። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ማን ምን እንዳደረገ ለይቶ ማውጣት ነው። ኤስፖዚቶን ሲይዝ ጣሊያን ሁሉ ሽፍታ ነው ብሎ አልያዘም፤ ያን አንድ ሰው፣ ስሙን ቀይሮ ከተቀመጠበት ለቅሞ አወጣው። የእሱ ጉዳይ ሲመጣ ግን እንዲያ የለፋ ሰው አልተገኘም። የእሱን ገዳይ እስከ ዛሬ ማንም አያውቅም። 11 ሰው ከተገደለ በኋላ ደግሞ ለማወቅ የፈለገም የለም፤ ሒሳቡ ተዘጋ። መርማሪን እንደ መርማሪ ማስታወስ ከፈለግን መጀመሪያ ፋይሉ ክፍት መሆኑን እንመን። ይሄን ነው የጻፍኩት።

31ኛው በእኔ ተናደደ፤ ለወንጀለኛ ጠበቃ ቆምክ አለኝ። 32ኛዋ ደገፈችኝና ቴዎዶር ሩዝቬልትን አመጣችብኝ። ሰውዬው ያኔ ገና ፕሬዚዳንት አልሆነም፤ ለእህቱ በጻፈው ደብዳቤ ግድያውን ጥሩ ነገር አድርጎ ነው የቆጠረው። ከወረሩት አንዱ ጆን ፓርከር ደግሞ በኋላ የሉዊዚያና ገዥ ሆኗል። ከወራሪዎቹ የተቀጣ የለም።

33ኛው የጭነት መኪና ይነዳል፤ ከአትላንታ ሂዩስተን ሲመላለስ ኒው ኦርሊንስን ያቋርጣል። ክሩን አንብቦ አንድ ሌሊት ጂሮድ ጎዳና ሄደ። ሱፐርዶም የሚባለው ትልቁ ስታዲየም እዚያው ጎን ነው። የድሮ ቤት ፈልጎ አጣ። መብራት፣ አስፋልትና መኪና ማቆሚያ። ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ ጭቃ ግን የለም። ዙሪያውን ሲያይ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ምን ፈልገህ ነው አለው። ሄነሲን አለ። ሰውዬው ኮኛኩን መስሎት የመጠጥ ቤት አቅጣጫ አሳየው። ወተት ስለሚጠጣው ሄነሲ ሊነግረው ፈልጎ እንግሊዝኛው አጠረው።

34ኛው ስለ ካሳው ጠየቀ፤ 35ኛው መለሰ። አሜሪካ በ1892 ለጣሊያን መንግሥት 25 ሺህ ዶላር ከፈለች። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ሃሪሰን የኮሎምበስን 400ኛ ዓመት አገር እንዲያከብረው አወጁ፤ ከአዋጁ ምክንያቶች አንዱ ጣሊያኖችን ማባበል ነው የሚሉ አሉ። የከተማው ይቅርታ ግን ኤፕሪል 12 ቀን 2019 ድረስ ቆየ። ይቅርታ የጠየቁት ከንቲባ ላቶያ ካንትሬል ናቸው። 36ኛው ልጁ ጋስፓሬ ከተማውን ከሶ በ1893 5 ሺህ ዶላር እንደተፈረደለት ጨመረ። ያፏጨው ልጅ ማለት ነው። ካፏጨ።

ባለታክሲው በ37ኛው ተመለሰ። ማንንም አልተሳደበም፤ ይቅርታም አልጠየቀም። የክሩን ርእስ ብቻ ለወጠው። ሄነሲን እናስታውስ የሚለው ሄነሲንና 11ዱን እናስታውስ ሆነ። ከዚያ አንድ ነገር አከለ። የዋሽንግተኑ መታሰቢያ የተመረቀው በ1991 ኦክቶበር 15 ነው፤ ሄነሲ በተመታበት ቀን። ዘንድሮ በዚያ ቀን ማታ 12 ጧፍ ይዞ ይሄዳል። በአካባቢው ያለ ሰው ቢመጣ ደስ ይለዋል።

38ኛው 12ኛው ጧፍ ለሄነሲ ነው ወይስ ለልጁ ብሎ ጠየቀ። 39ኛዋ እመጣለሁ አለች። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለችው፤ መኪና ማቆሚያ ይገኛል ወይ? 40ኛው ኦይስተር የጾም ነው የፍስክ አለ። 41ኛው፣ እሱም ባለታክሲው ነው፣ መኪና ይዘው እንዳይመጡ መከረ። ቀዩ መስመር ባቡር ይሻላል። ጁዲሺያሪ አደባባይ ሲወርዱ ደረጃው መታሰቢያው መሀል ያወጣቸዋል።